ሦስት ጊታር፣ ዘፋኝ የሌለው፦ ዝግ ያለ ሙዚቃ የሚሰማ ጎንደር ውስጥ አለ?

የቅዳሜ_ገበያው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችንም ጊታር እንጫወታለን። ከሁለት ወር ወዲህ ማታ ማታ ከሥራ ስንመለስ አንድ አልበም እየሰማን ነው። ስሙ ኮሞሬቢ ነው። የካሊፎርኒያ ጊታር ትሪዮ የሚባሉት ሦስት ጊታረኞች በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ቃሉ ጃፓንኛ ነው። በዛፍ ቅጠል መሀል ሾልኮ የሚወርድ የፀሐይ ብርሃን ማለት ነው። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ፣ ዛፎቹ ሥር የቆመ ሰው ይህን ብርሃን ያውቀዋል።

ዘፋኝ የለውም። እኛ የምንደጋግመው ዝግ ያሉትን ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁመን እንሰማዋለን። ድምፁ ቤቱን ሞልቶ አያስጨንቅም። ወሬ ብታወራበት አይቀየምህም። ዝም ብለህ ብትሰማው ደግሞ ትናንት ያልሰማኸው ነገር ታገኝበታለህ።

ስለ ሰዎቹ ትንሽ ልንገራችሁ። ፖል ሪቻርድስ አሜሪካዊ ነው። በርት ላምስ ቤልጅየማዊ፣ ሂዴዮ ሞሪያ ጃፓናዊ። የተዋወቁት ሮበርት ፍሪፕ የሚባለው እንግሊዛዊ ጊታረኛ በሚሰጠው የጊታር ትምህርት ላይ ነው። ትሪዮውን ያቋቋሙት በ1991 ነው። የመጡት ከሦስት አገር ነው፤ የጊታራቸው ቅኝት ግን አንድ ነው። እኛ የተማርነውን የተለመደውን ቅኝት አይጠቀሙም። ፍሪፕ በ1983 ያገኘውን ነው የሚጠቀሙት። ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ሲቆጠር፦ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፣ ሶል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸውና። ባለፈው እሑድ አንዱን ጊታር እንደዚያ ቃኘነው። ጓደኛዬ ግራ እጁን ሳያሳርፍ ስድስቱን ክር ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጎ ዳሰሰ። ሦስታችንም ተያየን። ትዝታ ነው! ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሁሉም የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። አንድም ባዕድ ድምፅ የለበትም። እንግሊዛዊው በራሱ መንገድ ሄዶ ሄዶ እኛ ደጅ ደረሰ። ይህን ሳሰላስል ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

እና አሁን ሦስታችን አንድ ሰዓት የሚሞላ ዝግ ያለ ሙዚቃ ልንቀዳ አስበናል። ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ከበሮ። ቤተሰቦቻችን ግን ግራ ገብቷቸዋል። እናቴ ቁጭ ብላ ጥቂት ሰማችና «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ። የምታውቁ ምከሩን። የማትወዱትም ንገሩን።

አዘዞ_ነባር

ልጄ፣ ቅን ሰው ትመስላለህ፤ እኔም የልቤን ልንገርህ። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። ማሲንቆ ሲመታ የእኛ ጆሮ የሚጠብቀው ቃሉን ነው። አንዱ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ ያወርደዋል። ሰሙ ቀድሞ ይመጣል፤ ወርቁ እስኪገለጥ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ሙዚቃ ለእኔ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ነው። ግጥም ከሌለ ማን ለማን ይናገራል? እናትህ ልክ ናቸው። ሦስት ጊታር አንድ ሰዓት ሙሉ ዝግ ካለ እኔ ዓይኔ ይከደናል።

ክራር_በእጄ

ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። ያለ ግጥም ስንሰማ ኖረናል እኮ። ስሙን «ክላሲካል» አልነው እንጂ። ካፌ ስንገባ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በሬዲዮ ዜና መሀል፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ክላሲካል ይከፈታል። ዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አውጥተዋል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን ተቀምጦ የቀዳው አለ። እሱን ሌሊት የሰማ ሰው ዝግታ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ልዩነቱ ግን አለ፤ ጋሼ ያነሱትም እሱን ይመስለኛል። የእኛ ክላሲካል አብዛኛው የታወቀ ዘፈን ዜማ ነው። ኪቦርዱ ሲጫወት እኛ በሆዳችን ግጥሙን እንዘፍናለን። ግጥሙ የለም፤ ግን አለ። እነዚህ ልጆች ሊሠሩ ያሰቡት ግን ማንም በሆዱ ሊዘፍነው የማይችለውን ነው። ከበድ የሚለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቅኝቱ ልምጣ። የቅዳሜ ገበያው ወንድሜ፣ ያየኸው እውነት ነው፤ ከዚያም ይበልጣል። ባለ ስድስት ክር ክራር ስንቃኝ አምስቱ ክሮች አምስቱን ድምፆች ይይዛሉ። ስድስተኛው የአንዱ ድጋሚ ነው፤ በኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት፣ ይርቃል። አሁን የጻፍከውን ቅኝት ተመልከት። አምስት ድምፅ፣ ስድስተኛው የሶል ድጋሚ! አሠራሩ ያው የክራር ነው።

ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለው። ክራር ላይ ድምፆቹ ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት፤ አንድ ማዕድ እንደከበቡ ሰዎች። በዚህ የጊታር ቅኝት ከወፍራሙ ዶ እስከ ቀጭኑ ሶል ሁለት ኦክታቭ ተኩል ይደርሳል። ያው አምስት ሰው ነው፤ ግን አንዱ ደጅ፣ አንዱ ጓዳ፣ አንዱ ሰገነት ላይ ተቀምጧል። መሀሉ አየር ነው። የምትወዱት ሰፋ ያለ ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። እኔም ክራሬን አስቀምጬ የታናሽ ወንድሜን ጊታር ቃኝቼ ሞከርኩት። እጄ ላይ ያለውን ትዝታ እንደ አዲስ ሰማሁት።

አንድ ምክር፦ አንድ ሰዓቱን ሙሉ ክፍት ክር (በጣት ያልተያዘ ክር) ላይ እንዳትቆዩ። ትዝታ ሜጀር ሲበዛ ማር ይሆናል፤ ማር ደግሞ በማንኪያ ነው። ወደ ባቲ ዞር በሉ። ለባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ እና ሶል ክፍት ክር ላይ አሏችሁ። ፋ እና ሲን በጣት መያዝ ነው፤ ሬ እና ላን ደግሞ ክፍት አለመንካት። አንቺሆዬ ግን በዚህ ቅኝት ብዙ ጣት ይፈልጋል። መጀመሪያ አትሞክሩት።

ስድስት_ክር

ከአዲስ አበባ ነኝ። ጊታር አስተምራለሁ። ደስ የሚል ውይይት ነው። ግን ሦስቱንም ጊታር ከመቃኘታችሁ በፊት ይህን አንብቡ፤ ክር ዓይን ላይ ሲበጠስ አይቻለሁና።

ከተለመደው ቅኝት ስትነሱ አራተኛው ክር ብቻ ነው ባለበት የሚቀረው፤ እሱ ሬ ነው። ስድስተኛውን ከሚ ወደ ዶ ታወርዱታላችሁ። አምስተኛውን ከላ ወደ ሶል። እነዚህ ይላላሉ እንጂ አይበጠሱም። ችግሩ ቀጭኖቹ ላይ ነው። ሦስተኛው ከሶል ወደ ላ ይወጣል። ሁለተኛው ከሲ ተነስቶ ሚ ይደርሳል፤ አምስት ግማሽ ድምፅ ነው። አንደኛው ከሚ ወደ ሶል ሦስት ግማሽ ድምፅ ይወጣል። በተለመደው ክር ይህን ብትሞክሩ ወይ ይበጠሳል ወይ የጊታሩን አንገት ይስባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለተኛው ክር ሚ እንዲል ነው የሚፈለገው። ሚ ደግሞ የተለመደው አንደኛ ክር ድምፅ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቦታ ላይ አንደኛ ክር እሰሩ፤ 12 ወይም 13 ቁጥር ይበቃል (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት ነው)። አንደኛው ላይ 11 ቁጥር አድርጉ። ስድስተኛው በጣም ላልቶ ፍሬት ላይ የሚንኳኳ ከሆነ 56 ቁጥር ፈልጉለት። ነጠላ ክር የሚሸጥ ካጣችሁ ለእያንዳንዱ ጊታር ሁለት ሁለት ፓኬት ግዙና አቀያይሩ። የናይለን ክር ጊታር ላይ ግን ይህን ቅኝት አትሞክሩ።

ሌላው፦ በጥቂት በጥቂቱ ቃኙ። ትንሽ አጥብቁ፣ አሳርፉ፣ እንደገና አጥብቁ። አዲስ ክር ሁለት ቀን ሳያርፍ ቅዳ ብትሉት እየወረደ ያስቸግራችኋል።

የቅዳሜ_ገበያው

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዘግይተህብናል ግን። ሐሙስ ዕለት አንዱ ክር ተበጥሶ የጓደኛዬን እጅ ሸንትሮታል። አሁን ደህና ነው። ነገ ክር ፍለጋ እንወጣለን።

ጋሼ አዘዞ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። «ማን ለማን ይናገራል?» ያሉት ውስጤ ገብቷል። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርዎት። እነዚህ ሦስት ሰዎች የሚጫወቱበት አንድ ዘዴ አላቸው። ዜማውን አንዱ ይዞ ሌሎቹ አያጅቡትም። ዜማውን ድምፅ በድምፅ ይከፋፈሉታል። አንደኛው አንድ ድምፅ ይመታል። ሁለተኛው ቀጣዩን፣ ሦስተኛው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ከዚያ ወደ አንደኛው ይመለሳል። ዜማው እየዞረ ነው የሚሄደው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው አንድ ጊታር ነው የሚሰማው።

ሞከርነው። መጀመሪያ አቃተን። እያንዳንዳችን የራሳችንን ተራ እየቆጠርን ስለነበር የሌላውን አንሰማም። በሦስተኛው ቀን የጓደኛዬ አክስት ከጓዳ ወጥተው አዩን። «ሙቀጫ እንደሚወቅጥ ሰው ሁኑ እንጂ» አሉን። ሦስት ሴት በአንድ ሙቀጫ ስትወቅጥ ማንም አይቆጥርም። የጎረቤትሽ ዘነዘና ሲወርድ ሰምተሽ ያንቺን ታነሻለሽ። ባትሰሚ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውን። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዙር ሙሉ ሳይሰበር ሄደ። ሌላ ሰው ያደረገው እስኪመስለኝ ድረስ ገረመኝ።

ማን ለማን ይናገራል ላሉኝ፣ ጋሼ፣ እኔ ለጓደኛዬ ነው የምናገረው። እሱም ይመልስልኛል። ይህ ከ«ተቀበል» ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

የሌሊት_ፈረቃ

ሰላም። ሙዚቃ አልችልም። ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ጎንደር። ሌሊት ስሠራ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ጊዜ በጣም ከባድ ነው። ሥራ ሲበዛ አይታወቅም። ሲቀንስ ግን ዝምታው ይጫናል። ዘፈን መክፈት አልችልም። ግጥሙ ሐሳቤን ይወስደዋል፤ መድኃኒት ስቆጥር መዘናጋት የለብኝም። ያዘነ ዘፈን ደግሞ በዚያ ሰዓት ይከብዳል። ለሕመምተኞቹም ለእኔም የሚሆን ነገር ብዙ ፈልጌያለሁ።

እናንተ የምትሉት ዓይነት ካለ እኔ እፈልገዋለሁ። ጮክ የማይል፣ ድንገት የማያስደነግጥ፣ ብተወው የማያኮርፍ። ጋሼ ዓይኔ ይከደናል ብለዋል። እኔ ዘንድ ዓይኑ እንዲከደን የሚለምን ሰው ብዙ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እህቴ የሌሊት ፈረቃ፣ የጻፍሽው አንድ ታሪክ አስታወሰኝ። ይህ ሙዚቃ ሐሳቡ የተወለደው ከሕመም አልጋ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1975 እ.ኤ.አ. ብራያን ኢኖ የሚባለው እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ የመኪና አደጋ ደርሶበት ቤቱ ተኝቶ ነበር። ጓደኛው የበገና ዘር የሆነ የሃርፕ ሸክላ አመጣችለት። እንደምንም ተነስቶ ሸክላውን አስቀመጠና ተመልሶ ተኛ። ከተኛ በኋላ ነው ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ መሆኑን ያወቀው። አንደኛው ድምፅ ማጉያም አይሠራም። ተነስቶ ማስተካከል አቃተው። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ከዝናቡ መሀል የሃርፑ ድምፅ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይል ነበር። መጀመሪያ ተናደደ። ቆይቶ ግን ሙዚቃው የክፍሉ ክፍል ሆኖ ተሰማው፤ እንደ ብርሃኑ፣ እንደ ዝናቡ። በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያ የታሰበ አልበም አወጣና ይህን ዓይነት ሙዚቃ አምቢየንት ብሎ ጠራው። ትኩረት የሰጠውንም ያልሰጠውንም ሰው እኩል እንዲያስተናግድ ነው ያሰበው። አንቺ «ብተወው የማያኮርፍ» ያልሽው ይኸው ነው። አንቺ ባጭሩ ብለሽዋል።

ደግሞ ነገሩ ይገናኛል። ኢኖ በ1973 ከማን ጋር አልበም አወጣ መሰላችሁ? የቅዳሜ ገበያው ከጻፈልን ከሮበርት ፍሪፕ ጋር። ሁለት የቴፕ መቅረጫ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ቴፑን ከአንዱ ወደ ሌላው አሳለፉት። የመጀመሪያው ይቀዳል፤ ሁለተኛው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያጫውተዋል፤ የተጫወተው ተመልሶ ይቀዳል። ፍሪፕ አንድ ድምፅ ሲመታ ድምፁ እየተመላለሰ እየደበዘዘ ይሄዳል። ዛሬ ስልክ ላይ ባለ ፕሮግራም የምናደርገውን ዲሌይ እነሱ በማሽን ጉልበት ነው የሠሩት። ጎንደር ላይ ሦስት ጊታር ካላችሁ ግን ማሽኑ ግዴታ አይደለም። አንዳችሁ የመታውን ሌላው ትንሽ ቆይቶ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይድገመው። ሦስተኛው የበለጠ ዝቅ አድርጎ። የሰው ገደል ማሚቶ ይሆናል።

እኔ ከጎንደር ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ከአገሬ ልጆች እንዲህ ዓይነት ነገር መስማቴ ልቤን ሞላው።

የበዓታ_ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። ድሮ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ጎንደር በዓታ አቋቋም ተምሬያለሁ። የአቋቋም ምስክር ቤት መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከማውቀው አንድ ሁለት ልበል። የቤተ ክርስቲያን ዜማና ጊታር አንድ ናቸው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ቦታቸው ለየቅል ነው። ጆሮ ግን አንድ ነው፤ የሠለጠነበትን ይዞ ይሄዳል።

በማኅሌት ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ይቆማሉ። ቀኝ ጌታ አለ፤ ግራ ጌታ አለ። አንዱ ወገን ሲል ሌላው ያደምጣል፤ ከዚያ ይቀበላል። ተማሪ ሳለሁ መምህራችን የሚገሥጹን ስንሳሳት አልነበረም። የሚቆጡት ወዲያኛው ወገን ሳይጨርስ ስንነሳ ነበር። የቅዳሜ ገበያው ስለ ሙቀጫው ሲጽፍ ያ ትዝ አለኝ።

ሌላው ዝግታ ነው። አቋቋም ሲጀመር ቁም ነው። ከበሮ የለም፤ ጸናጽል የለም። ድምፅና መቋሚያ ብቻ። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ ከዚያ መረግድ፣ በስተኋላ ጽፋት። ጽፋት ላይ ከበሮው ሲፈጥን ሕዝቡ ያጨበጭባል። ለብዙ ሰው ማኅሌት ማለት ይህ መጨረሻው ነው። ሌሊት መጥቶ ቁሙን የሰማ ሰው ግን ያ ሁሉ ፍጥነት ከየት እንደተነሳ ያውቃል። እናንተ ልትሠሩ ያሰባችሁት ቁም ላይ የሚቆይ ሙዚቃ ነው። ወደ ጽፋት አይሄድም። ሰው ሊቸኩል ይችላል። አትቸኩሉለት።

ከዜማ ስልቶች ደግሞ ግዕዝ አለ፣ ዕዝል አለ፣ አራራይ አለ። አራራይን የሚወድ ጆሮ ለስለስ ያለ ነገር አይከብደውም። እኛ ለስላሳ ድምፅ ከውጭ የመጣብን ሕዝብ አይደለንም። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሰማ ይፍረድ። አሥሩም ክር እንዚራ (ከክሩ ሥር የሚገባ ቁራጭ ቆዳ) ስላለው ይነዝራል። ድምፁ ቶሎ አይሞትም። ደርዳሪው አንዱን ድምፅ ከመታ በኋላ እስኪያርፍ ይጠብቀዋል።

ጎንደር ካልን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሳይነሱ ማለፍ አልችልም። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት እዚህ ጎንደር ነበሩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ ላይ ተኝተው ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ሙዚቃቸውን ለመስጠት ወሰኑ። በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኛ ልጆች ነው የዋለው። በ2023 ነው ያረፉት፤ 99 ዓመታቸው ነበር። ፒያኗቸውን ስሙ። ግጥም የለውም። ቀኝ እጃቸው አንድ ነገር ብሎ ያቆማል፤ የተናገረው እስኪገባህ ይጠብቅሃል። እኔም እንደ እነዚያ ልጆች ደጅ የተኛሁ ተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ ያን ፒያኖ ስሰማ ለእኔ የተጻፈ ደብዳቤ ነው የሚመስለኝ።

አዘዞ_ነባር

የበዓታው ልጅ፣ ተባረክ። እማሆይን ማንሳትህ አፌን አስያዘኝ።

አንድ ነገር ልናገር። ልጅ ሳለሁ ከብት ስንጠብቅ አንድ ጓደኛችን ዋሽንት ይነፋ ነበር። ማዶ ሸንተረሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚነፋው። እኛ ወዲህ ማዶ ነን። ነፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ ይሰማል፤ ሲዞር ይጠፋል። ግጥም አልነበረውም። የሚገርመው የሚሰማው ሳይሆን የሚጠፋው ነበር ጆሮአችንን የሚያቆመው። ፀጥ ብለን እስኪመለስ እንጠብቃለን። ትናንት ማታ ይህ ትዝ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። ስንት ዓመት ረስቼው ኖሬያለሁ።

ልጄ፣ እኔ አሁንም ግጥም እወዳለሁ። አይቀየርም። ግን ከሠራችሁት እሰማዋለሁ። ስትሠሩ ይህን አድርጉልኝ፤ ዝም የምትሉበትን ቦታ አታሳጥሩት። ወጣት ስለሆናችሁ እጃችሁ ይቸኩላል።

ስድስት_ክር

ጋሼ የሰጡት ምክር እኔ ክፍል ውስጥ በአንድ ዓመት የማላስረዳው ነው።

ስለ መቅዳቱ ልጨምር። ሦስት ማይክ አትፈልጉ። ጥሩ አንድ ማይክ ወይም አንድ ደህና ስልክ ይበቃል። ሦስት ማዕዘን ሠርታችሁ ፊት ለፊት ተያይታችሁ ተቀመጡ። ማይኩን መሀል፣ ከጉልበታችሁ ከፍ አድርጉ። የአንዳችሁ ጊታር ጎልቶ ከወጣ ድምፁን አታስተካክሉ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቡት። ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ወለሉ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ ግድግዳውን ግን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት፤ ድምፁ እንዲተነፍስ። ባጃጅ ሳይነሳ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቅዱ። ድምፁ ጫፍ ደርሶ እንዳይሰነጠቅ መጠኑን ዝቅ አድርጉ፤ ዝቅ ያለውን በኋላ ማንሳት ይቻላል፤ የተሰነጠቀውን ማዳን አይቻልም። ፒክ ትታችሁ በአውራ ጣት ሥጋ ሞክሩት። በዚህ ቅኝት ወፍራሙ ዶ በአውራ ጣት ሲመታ ሌላ መሣሪያ ነው የሚሆነው።

የቅዳሜ_ገበያው

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቀዳን!

እንዳላችሁት ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። የጓደኛዬ አክስት ቤት ነው የቀዳነው፤ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ አያስተጋባም። አክስቱ ቀድመውን ተነስተው ከሰል አያይዘው ነበር። አንድ ሰዓት አልሞላም። 41 ደቂቃ ነው። አራት ቁራጭ። ሦስቱ ትዝታ ናቸው፤ አንዱ ወደ ባቲ ይዞርና ሳይመለስ ያልቃል። ክራር በእጄ፣ ያንን ላንተ ነው የሠራነው። ሁለተኛው ቁራጭ ላይ ሙሉ በሙሉ በመዞር ተጫውተናል፤ ዜማው ከአንዳችን እጅ ወደ አንዳችን እየሄደ። ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አላስወጣነውም። ሲሰበር ሦስታችንም ዝም እንላለን፤ ከዚያ አንዱ ያነሳዋል። ጋሼ አዘዞ፣ ዝምታው ረጅም ነው፤ አላሳጠርነውም።

ሦስተኛውን ስንጀምር ደመናው ወረደ። የሰኔ ዝናብ ነው፤ አያስጠነቅቅም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርሳችን መሰማማት አቃተን። እኔ ላቆም እጄን አነሳሁ። ጓደኛዬ ግን በዓይኑ ቀጥል አለኝ። የእሱን ጣት እያየሁ ተጫወትኩ። ለስድስት ደቂቃ ያህል የራሴን ጊታር አልሰማሁም። ዝናቡ ሲያባራ ሦስታችንም እዚያው ዜማ ላይ ነበርን። አክስቱ የሁለተኛውን ቡና ሲኒ በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ቡናውን ለመቅዳት ፈርተው ነው፤ ሲኒው እንዳይንኳኳ።

ያን ቁራጭ እንደገና ለመቅዳት አስበን ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፍከውን አስታውሰን ተውነው። ዝናቡ እንዳለ አለ። የሌሊት ፈረቃ፣ ፋይሉን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። እናቴም ሰማችው። ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው አላለችም። ዝናቡ ሲመጣ «ልብስ አስጥቼ ነበር» ብላ ብድግ አለች፤ ውጭው ግን ፀሐይ ነበር።

የሌሊት_ፈረቃ

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈትኩት። በጣም ዝቅ አድርጌ። አንድ እናት ከልጃቸው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለው ነበር፤ ሦስት ሌሊት አልተኙም። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ሦስተኛው ላይ ዝናቡ መጣ። ቆሜ ጊታሮቹን ፈለግኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝናብ ብቻ ነበር። ከዚያ ወፍራሙ ክር መጣ፤ ከዚያ ሌላው። ዞር ስል እናትየው ራሳቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ ጣል አድርገው ተኝተዋል። ነጠላቸውን አለበስኳቸውና መድኃኒቴን ልቆጥር ሄድኩ። ሳልሳሳት ቆጠርኩ።